አስታዋሿ የጻፈችው ገጽ

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ባሏ ላልሆኑ ወንዶች «እወድሃለሁ» ስትል የኖረች፣ ስሟ ግን አንድም ቀን በክፉ ያልተነሣ ባለትዳር ሴት አለች። የተቀጠረችው ለዚሁ ነውና ማን ይከሳታል?

የከተማው ቴአትር ቤት አስታዋሽ ናት። ከመድረኩ በስተግራ፣ ተመልካች በማያያት በመጋረጃው እጥፋት ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በወረቀት በተጋረደች አምፖል ብርሃን ድርሰቱን በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል የጠፋበትን ተዋናይ በሹክሹክታ ታወጣለች። ድምፅዋ እስከ መድረኩ መካከል ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ረድፍ ወንበር ላይ ግን አይደርስም። ይህን ልክ ለማግኘት ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የአስተዳደር ክፍሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሰው ሁሉ «እትዬ ሹክሹክታ» ይላታል። ባሏ የዚያው ቤት አናጢ ነው። ሚስቱ በሥራ ሰዓት በሳምንት አርባ ጊዜ የምትለውን ቃል እሱ በትዳር ዘመኑ የሰማው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ፣ አንደኛውም ጊዜ በእንቅልፍ ልቧ የልምምድ ጉዳይ እንደ ነበር ለወዳጆቹ ያጫውታል።

የእሷን ነገር ለመናገር የፍቅር ተውኔት ወደ ከተማው እንዴት እንደ ገባ ጥቂት ማለት ግድ ነው። ፍቅር ራሱ ለከተማው እንግዳ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ በልኩ ሲሠራበት ኖሯል። በሦስት ገቢር ተከፍሎ፣ መጋረጃ ተጋርዶለት የመጣው ግን እንደ ስፌት መኪና ከውጭ ነው። እንደ ስፌት መኪናውም ሁሉ አጠቃቀሙ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ሰው ጣቱን ተወግቷል።

በመጀመሪያ ሴቶች መድረክ ላይ ስለማይወጡ የተፈቃሪዋን ቦታ ይዞ የሚጫወተው አንድ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበር። ይህ ሰው ጢሙን እንዲላጭ ቢለመን «ጢሜ የግሌ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ንብረት አይደለም» ብሎ እምቢ በማለቱ፣ ሦስት ተውኔት ሙሉ በማራገቢያ ተሸፍኖ አፈቀረ። መሳም ያለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ መብራት ይጠፋና ሲበራ ሁለቱ አፍቃሪዎች በመድረኩ ሁለት ጫፍ ቆመው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ከዚያ ወዲህ በከተማው የቤቱ መብራት ድንገት የጠፋበት ሰው ሁሉ በማግስቱ የጎረቤት መሳቂያ ይሆን ነበር።

ከጢሙም ከመብራቱም ይልቅ ያስቸገረው ግን የዘመድ ነገር ነው። የውጭ አገር አፍቃሪዎች አክስት የላቸውም። ልጅቱ ስትታመም የሚጠይቃት፣ ልጁ ሲያጠፋ የሚገሥጸው ወገን የለም፤ ሁለቱ ብቻቸውን ተገናኝተው፣ ብቻቸውን ተጣልተው፣ ብዙ ጊዜም ብቻቸውን ይሞታሉ። ተመልካቹ «የዚች ልጅ ወገኖች የት ሄዱ?» እያለ ጨዋታውን ስለሚያውክ፣ ተርጓሚዎች ሁሉ በሁለተኛው ገቢር መጥታ፣ ተቀምጣ፣ ነገሩን አጣርታ የምትሄድ አንዲት አክስት ከራሳቸው መጨመርን ደንብ አደረጉት። በባሕር ማዶ በየመቃብራቸው ያረፉ ስንት ደራሲዎች ሳያውቁት አክስት እንደ ተጣለባቸው ቈጥሮ የሚደርስበት የለም።

ይህን ደንብ አልቀበልም ያሉ አንድ ተርጓሚ ብቻ ነበሩ። የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ በጥንቃቄያቸው የተነሣ «ሚዛን» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል። ከሰው የተዋሱትን ዕቃ እንደ ነበረ መመለስ እንጂ ጆሮ ቀጥሎ መመለስ ነውር ነው ይሉ ነበር። ከዛሬ አርባ ዓመት በፊት የአንድ ታላቅ የውጭ አገር ደራሲ ሥራ የሆነውን፣ «የጣቢያው መስኮት» የተባለውን ተውኔት አክስት ሳይጨምሩ ተርጉመው፣ በእጅ ጽሑፋቸው ለቴአትር ቤቱ አመጡ። ጽሑፉን በጽሕፈት መኪና እንድትመታ የተሰጣትም የዚያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ታይፒስት የነበረችው የዛሬዋ እትዬ ሹክሹክታ ነበረች።

የተውኔቱ ነገር ቀላል ነው። በአንዲት ትንሽ ባቡር ጣቢያ፣ በመስኮት በኩል ትኬት የምትሸጥ ሴት አለች። አንድ መንገደኛ ሐኪም ይወዳታል፤ እመለሳለሁ ብሎ ይሄዳል። ሰባት ዓመት ትጠብቀዋለች። በመጨረሻው ትዕይንት ሰውየው ድንገት ብቅ ይልና በመስኮቱ በኩል እጁን አስገብቶ «አንድ ትኬት» ይላል።

የእጅ ጽሑፉ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ተርጓሚው የቀረውን አንድ ገጽ በማግስቱ እንደሚያመጡ ተናግረው ሄዱ፤ በማግስቱ ግን የመጣው ገጹ ሳይሆን፣ ጋሼ ሚዛን በኃይለኛ ትኩሳት ሆስፒታል ገብተዋል የሚል ወሬ ነው። ከቀትር በኋላ ልምምድ ሊጀመር ነው፤ ተዋንያን ደጅ ቆመዋል፤ የማባዣ ክፍሉ ኃላፊ በየአሥር ደቂቃው አንገቱን እያስገባ አለቀ ወይ ይላል። ልጅቱ አላለቀም ማለት ፈራች። በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን አንድ ስቴንስል የተባለ የማባዣ ወረቀት መኪናው ላይ አስገባች፤ እጁን በመስኮት ያስገባውን ሰውዬ ለጥቂት ጊዜ በሐሳቧ አየችው፤ ተናደደችበት። ከዚያም ሃያ ሰባት መስመር መታች።

በእሷ ገጽ ላይ ሴትዮዋ ቀና ብላ ታየዋለች፤ ሰውየውም ሰበቡን መደርደር ሲጀምር ታቋርጠዋለች። «ሰባት ዓመት ቆሜ ጠብቄሃለሁ፤ አሁን አንተ ቁም።» ሰውየው ይቆማል። ከኋላው የተሰለፉትን ሦስት መንገደኞች ተራ በተራ፣ ጤንነታቸውን እየጠየቀች ታስተናግዳለች፤ እሱም እየተገፈተረ ቆሞ ይጠብቃል። ሰዓቷ ሲደርስ መስኮቱን ትዘጋለች፤ ካፖርቷን ለብሳ በበሩ በኩል ትወጣና «አሁን እንሂድ» ትለዋለች። መጋረጃ።

ታይፒስት የጻፈችው መሆኑን ማንም አልጠረጠረም። በመክፈቻው ቀን ሰውየው ቆሞ ሲጠብቅ አዳራሹ ፍርስ አለ፤ «አሁን እንሂድ» ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። ከአልጋቸው ገና የተነሡት ተርጓሚ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆነው ይህን አዩ። ሕዝቡ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ታይፒስቶቹ ክፍል መጡ።

«ልጄ፣ የመጨረሻው ገጽ እቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው» አሏት።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?»

መሬት መሬት እያየች ሰዎች ቆመው እየጠበቁ እንደ ነበር፣ እሷም እንደ ፈራች ነገረቻቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪበቃቸው ወለወሉት። በደራሲው በራሱ ድርሰት ውስጥ ሴትዮዋ ምንም ሳትናገር ትኬቱን እንደምትሰጠውና እሱም ይዞ እንደሚሄድ፣ ተውኔቱ በባቡር ፊሽካ እንደሚያልቅ አስረዷት። ቀጥለውም፣ «የጠየቀሽ ቢኖር የጋሼ ነው በይ፤ እኔም የኔ ነው እላለሁ» አሉ። «በዕድሜዬ አንዲት ውሸት ቆጥቤ ነበር፤ ለዚች ትሁን።»

እንዲህ ሆኖ ገጿ ዓለም አየች። ተውኔቱ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ሲመለስ፣ ልጅቱም ድርሰቱን ሁሉ በቃሏ መያዟ ስለ ታወቀ ከመኪናው ወደ በርጩማው ተዛወረች። «አሁን አንተ ቁም» የሚለው ቃል ከአዳራሹ ወጥቶ ከተማውን ወረሰ። አምሽቶ የገባ ባል በር ላይ ይሰማዋል፤ ተራ ያልጠበቀ ባለጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማዋል። የተማረው ክፍል ደግሞ «ታላቁ ደራሲ እንዳለው» የሚል መግቢያ አበጀለት። በጋዜጣ ስለ ቃሉ ጥልቅ ትንታኔ ያወጡ አንድ ሊቅ፣ እንዲህ ያለ ትዕግሥትና ምሬት ከብዙ ዘመን ሥልጣኔ በቀር ሊመነጭ እንደማይችል አረጋግጠዋል። ያን ለት ከምሳ ሰዓት እንደ መነጨ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ፣ ጋሼ ሚዛን፣ ምስጢሩን ይዘው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ አዲስ አዘጋጅ ከውጭ ተምሮ መጣ። ብርቱ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ መሳቅ አለመቻሉ ብቻ ነበር፤ ለዚያም ምክንያት አለው። የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው፣ ከሁሉ ቃል መርጦ፣ በዚያው በ«አሁን አንተ ቁም» ላይ ነው። መቶ አሥር ገጽ ጽፎ ሲያቀርብ ፈታኙ የደራሲውን መጽሐፍ አምጥቶ አገላበጠና «ይህ ቃል የት አለ?» አለው። የለም። በክፍሉ የነበረው ሰው ሳቀ። ልጁ በሌላ ርእስ ተመርቆ፣ ያንን ሳቅ በሻንጣው ይዞ ተመለሰ።

እናም የተውኔቱ አርባኛ ዓመት ሲደርስ «የጣቢያው መስኮት» ለመጀመሪያ ጊዜ በታማኝነት፣ በዝምታና በፊሽካ እንደሚያልቅ ለሠራተኛው ሁሉ አስታወቀ። ለተመልካች የሚታደለውን በራሪ ጽሑፍም አነበበላቸው። ጽሑፉ፣ ተርጓሚው ታላቁን ደራሲ እንዳጭበረበሩና አንድ ሙሉ ከተማ አርባ ዓመት እንዳታለሉ በግልጽ ይናገራል። በመክፈቻው ዕለት የክብር እንግዳ ሆነው ፊተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡትና ይህን ወረቀት በእጃቸው የሚቀበሉት ደግሞ የተርጓሚው ባለቤት ናቸው።

እትዬ ሹክሹክታ በርጩማዋ ላይ እንዳለች ደርቃ ቀረች። ጡረታ ልትወጣ አንድ ወቅት ቀርቷታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ሙት አይመሰክርም። ብትናገር፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት «አንድ ፊደል አታዛንፍም» የተባለላት ሴት በመውጫዋ አስመሳይ ትባላለች፤ ገጿም ከነዝናዋ ትጣላለች። ዝም ካለች ግን በዕድሜያቸው አንዲት ውሸት፣ ያችንም ለእሷ የዋሹ ሰው በሚስታቸው ፊት ሌባ ይሆናሉ።

እቤት ስትገባ ለባሏ ነገረችው። አናጢው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ያቺ ገጽ ያንቺ ናት?»

«የኔ ናት።»

«እኔ እኮ ባመሸሁ ቁጥር ደጅ ስታቆሚኝ፣ የታላቅ ደራሲ ትእዛዝ ነው ብዬ ነበር የምጽናናው» አለ። ቀጥሎም፣ «ለመሆኑ ማን ፈቅዶልሽ ነው?» ሲል ጠየቃት።

ማንም እንዳልፈቀደላት መለሰችለት። እሱም ማንኪያውን አንሥቶ፣ እንግዲያው ሄዳ ይህንኑ ለልጁ ትንገረው፤ ካባረሯት አብረው ይባረራሉ፤ መስኮቱን የሠራ እጅ መስኮቱን መንቀል አያቅተውም አለ። ባሏ ከዚህ የረዘመ የፍቅር ንግግር አድርጎ አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የአዘጋጁን ቢሮ አንኳኳች። ልጁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ አስቀመጣት። ነገሩን ከምሳ ሰዓቱ እስከ ጋሼ ሚዛን መነጽር ድረስ፣ እንደ ልማዷ ሳታሳጥርና ሳታረዝም ነገረችው። ሲጀምር ፈገግ ብሎ ነበር፤ አሮጊት አስታዋሽ ወዳጇን ልታድን የፈጠረችው ነገር መሰለው። ሃያ ሰባቱን መስመር በቃሏ ከወጣችለት፣ በአሥራ አራተኛው ላይ ምን አስባ እንደ ሠረዘች፣ ለምን መንገደኞቹ ሁለት ሳይሆኑ ሦስት እንደሆኑ ካብራራችለት በኋላ ግን ፈገግታው ጠፋ።

«እትዬ፣ በዚህ ቃል ላይ መቶ አሥር ገጽ ጽፌ የቀረብኩ ቀን የፈታኜን ፊት ቢያዩት» አለ በመጨረሻ።

«ይቅር በለኝ ልጄ። መቶ አሥር ገጽ ይጻፍበታል ብዬ መቼ ጠረጠርኩ።»

«ሥልጣኔ ነው ብዬ ነበርኮ የጻፍኩት። የዘመናት ውጤት ነው ብዬ።»

«እርቦኝ ነበር» አለች።

ልጁ ብዕሩን አንሥቶ በጋሼ ሚዛን ላይ የጻፈውን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች ሠረዘው። የእሷንም ስም ለማንም እንደማያነሣ ቃል ገባላት። ገጿን ግን አልመለሰላትም። የደራሲው የደራሲው ነው፤ እስከ ዛሬ በስሙ የተነገደው ይበቃል አለ። እሷም እውነት አለው ብላ ወጣች፤ የመጣችበትን ግማሹን አግኝታለች። ሌላው ግማሽ ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግባት ግን ደረጃው ላይ ቆማ ብታስብ አልገባትም። ሃያ ሰባት መስመር ናት፤ ልጅ አይደለችም።

የመክፈቻው እሑድ ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ሰው ቃሉን በልጆቹ ፊት ሊሰማ ከነቤተሰቡ መጥቷል። ጨዋታው መልካም ሄደ። ሐኪሙ ተመለሰ፤ እጁን በመስኮት አስገብቶ «አንድ ትኬት» አለ። ወጣቷ ተዋናይት ትኬቱን ሰጠችው። ወሰደና ወጣ። ፊሽካ ተነፋ። መጋረጃው ተዘጋ።

ማንም አልተነሣም።

አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ዝምታውን ሲሰማ ደስ አለው፤ ጥልቅ ጥበብ እንዲህ ነው የሚያደርገው ብሎ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለትም አለፈ። አጨብጫቢ የለም፤ ወጪም የለም። ተመልካቹ ኮቱን አላነሣም። በቀዳዳ አጮልቆ ሲያይ ስድስት መቶ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ባቡር እንደሚጠብቅ መንገደኛ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ሕዝቡ ተውኔቱ አለቀ ብሎ አላመነም፤ የዕቃ መለዋወጫ ዕረፍት ነው ብሎ ይጠብቃል። በስድስተኛው ደቂቃ ከፊተኛው ወንበር የአንዲት እናት ድምፅ ተሰማ። የተርጓሚው ባለቤት ነበሩ።

«ቁም በዪው እንጂ ልጄ፣ እኛም ቤታችን እንግባ» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ከኋላ «ቁም በዪው»፣ ከሰገነት «በዪው» ይላል። አዘጋጁ ፊቱ ነጥቶ በርጩማዋ አጠገብ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ቃሉ ይኖራል?»

«የት ይሄዳል?»

«ልጆቹ ግን አልተለማመዱትም።»

«እኔ ምን ልሠራ ነው እዚህ የተቀመጥኩት?» አለችና በታማኙ ድርሰት ላይ ታበራ የነበረችውን አምፖል አጠፋች፤ የምታነበው ወረቀት አልነበረምና።

መጋረጃው ተከፈተ። ሐኪሙ በሄደበት በኩል፣ የሚያደርገው እንደ ጠፋበት ሰው ተመልሶ እጁን መስኮቱ ውስጥ አስገባ። ሦስት የመድረክ ሠራተኞች ያገኙትን ባርኔጣ ደፍተው ከኋላው ተሰለፉ፤ የመጨረሻው አናጢው ራሱ ነበር፤ መዶሻው ከኪሱ ወጥቶ ይታያል። እትዬ ሹክሹክታ መስመሩን አንድ በአንድ መስጠት ጀመረች፤ ተዋንያኑም እየተቀበሉ ማለት። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ቃል ስታቀብል የኖረች ሴት የገዛ ቃሏን በገዛ አፏ ስታቀብል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሐኪሙ ሰበቡን ደረደረ። ተዋናይቱ ቀና ብላ አየችው፤ ጆሮዋንም ወደ ግራ ጣለች።

እዚህ ላይ አስታዋሿ ድምፅ አጣች። ቃሉ አልጠፋባትም፤ ጉሮሮዋ ነው የተዘጋው። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ለአስታዋሽ ደግሞ አስታዋሽ አልተቀጠረላትም። ተዋናይቱ ጠበቀች፤ አዘጋጁ ጭንቅላቱን ያዘ። በዚህ ጊዜ ስድስት መቶ ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ ባንድ አፍ፦

«ሰባት ዓመት ቆሜ ጠብቄሃለሁ፤ አሁን አንተ ቁም።»

ሐኪሙ ቆመ። ጉሮሮዋ ተከፈተና የቀሩትን መስመሮች አቀበለች፤ ልኩን ስታ ኖሮ ድምፅዋ እስከ አምስተኛው ረድፍ ይሰማ ነበር ይባላል። «አሁን እንሂድ» ተብሎ መጋረጃው ሲወርድ ሰው ከወንበሩ ብቻ ሳይሆን ከራሱም ተነሣ። አዘጋጁ ከመጋረጃው ፊት ወጥቶ እጁን ሲያወዛውዝ ቆየ፤ ጸጥ ሲሉለትም፣ ይህን ገጽ ታላቁ ደራሲ እንዳልጻፉት፣ የጻፈችው ሴት ግን እዚሁ መጋረጃ ውስጥ ተቀምጣ እንደምትሰማቸው ተናገረ። ቃል ከገባላት ገና አሥር ቀን አልሞላውም፤ ይህን ግን ከሳሽ ያጣ ቃል መብላት ብለን እንለፈው። ጎትተው ሲያወጧት በዚህ ሁሉ ዘመን የመድረኩን መብራት ፊት ለፊት አይታው አታውቅምና ዓይኗን በእጇ ጋረደች። የተርጓሚው ባለቤት ወደ መድረኩ ጠጋ ብለው፣ «እኔም ይሄን ነገር የኔ ሰውዬ መጻፉን አንድ ቀን አምኜ አላውቅም፤ እኔን አንድ ቀን ቆሞ ጠብቆኝ አያውቅማ» አሏት።

በሁለተኛው እሑድ አዲስ በራሪ ጽሑፍ ታተመ። ከደራሲው ስም በታች የጋሼ ሚዛን ስም፣ ከሱ በታች «የመጨረሻው ገጽ» ተብሎ የእሷ ሙሉ ስም፤ ባልደረቦቿ አብዛኞቹ ስሟን ያወቁት ያን ዕለት ነው። የአዳራሹን ምርጥ ወንበር ቢሰጧት አልተቀበለችም፤ ከዚያ ሆኜ ማንን እረዳለሁ ብላ ወደ በርጩማዋ ሄደች።

ደግም አደረገች። ወጣቷ ተዋናይት መስኮቱን ዘግታ፣ ካፖርቷን ለብሳ፣ በበሩ ብቅ ስትል የሕዝቡ ጭብጨባ ቀድሞ ስላደናበራት የመጨረሻውን ቃል ረሳችው። ወደ ግራ አየች። አስታዋሿ አላመነታችም።

«አሁን እንሂድ» ስትል አቀበለች፤ ቀጥላም፣ «የት እንደምንሄድ ግን እኔ ነኝ የምመርጠው» አለች።

ተዋናይቱ ቃሉን እንደ ተቀበለችው ተናገረችው። ከሰገነት የጀመረው ሳቅ ወደ ታች ወርዶ አዳራሹን ሲያጥለቀልቅ አዘጋጁ ድርሰቱን ይዞ እየሮጠ ደረሰ፤ ገጹን በጣቱ እየፈለገ ይህ መስመር የት እንዳለ ጠየቃት።

«የድሮውን የጻፈችው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት» አለችው። «ያኔ ብዙ ነገር አታውቅም ነበር።»

ልጁ ብዕሩን አውጥቶ መስመሩን በኅዳጉ ላይ ጻፈው፤ በትክክል መጻፉንም ደግሞ ጠየቃት።